ሰርቬት በ2005 ሞቶ ነበር ወይ? 17ቱ ዋንጫስ የማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ጄኔቭ ነው። ልጄ ከሰርቬት ሌላ ክለብ ያለም አይመስለው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ‹የድሮው ሰርቬት በ2005 ከስሮ ጠፍቷል፣ ይሄኛው ስሙን የወሰደ አዲስ ክለብ ነው፣ 17ቱ ሻምፒዮንነት የእሱ አይደለም› ብሎ ልጁን አበሸቀው። ክለቡ ሦስት ጊዜ የወረደውም ደካማ ስለሆነ ነው አለው። እንዲህ ባለ ሀብታም ከተማ ክለብ እንዴት ይከስራል? የዓመት ትኬት ልገዛለት አስቤ ነበር፤ ነገ ተመልሶ ቢዘጋስ?»

ባልደረባዎ ግማሹን ይዟል፣ ግማሹን ስቷል። በ2005 የከሰረ ነገር አለ። የከሰረው ግን ዋናውን ቡድን የሚያንቀሳቅሰው አክሲዮን ማኅበር ነው። ክለቡ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝን የስዊዘርላንድ እግር ኳስ ታሪክ በሙሉ ይምታታብናል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በሰርቬት ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ አገር ክለብ ሲባል የሚታየን አንድ ተቋም ነው። ንግድ ባንክ ሲባል ከጀርባው ባንኩ አለ፣ መከላከያ ሲባል ሠራዊቱ አለ። ክለቡ በጀት ካነሰው ወደ ባለቤቱ ያንጋጥጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ነገሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው የአባላት ማኅበር ነው፤ ታዳጊዎቹን የሚያሠለጥነው፣ ስሙንና ታሪኩን የያዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ደመወዝተኞቹን ተጫዋቾች ቀጥሮ በከፍተኛው ሊግ የሚያጫውተው አክሲዮን ማኅበር ነው። አክሲዮን ማኅበሩ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከስራል። ማኅበሩ ግን ባለሀብት በመጣና በሄደ ቁጥር አይፈርስም።

የካቲት 4 ቀን 2005 የጄኔቭ ፍርድ ቤት ኪሳራውን ሲያውጅ የተዘጋው ያ አክሲዮን ማኅበር ነው። ዕዳው ከ10 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ነበር። ተጫዋቾቹ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ደመወዝ አላገኙም። ዋናው ቡድን በውድድሩ መሃል ከከፍተኛው ሊግ፣ ከሱፐር ሊጉ ወጣ፣ ሊጉም በዘጠኝ ክለቦች ተጠናቀቀ። በዚያው ሰዓት ግን የማኅበሩ ከ21 ዓመት በታች ቡድን በሦስተኛው እርከን እየተጫወተ ነበር። ያ ቡድን አልተበተነም። ሰርቬት በቀጣዩ ዓመት እንደገና የጀመረው ከዚያው ከሦስተኛው እርከን፣ በዚያው ማሊያ፣ በዚያው ስም ነው። ሊጉም ሻምፒዮኖችን ሲቆጥር ለሰርቬት 17 ብሎ ይመዘግባል፤ ከ2005 በፊትና በኋላ ብሎ አይከፍልም። ስለዚህ ልጅዎ ትክክል ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ልጁም ቢያውቀው ጥሩ ነው። አርማው ላይ ያለው 1890 የእግር ኳስ ልደት አይደለም። ያኔ የተመሠረተው በራግቢ ነው፤ ሰርቬት በሚባለው ሰፈር ያሉ ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት፣ ስሙም ከሰፈሩ የመጣ ነው። ወደ ክቡ ኳስ የዞሩት ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ባልደረባዎ በዚህ በኩል ቢመጣ የተሻለ ማብሸቂያ ያገኝ ነበር!

ወደ ዋንጫዎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም የ2005 ውድቀት ለምን እንደዚያ እንዳስደነገጠ የሚገባን የወደቀውን ስናውቅ ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮንነት 1907 ነው፣ የመጨረሻው 1999። በመሃል ባሉት ዓመታት ሰርቬት እንደ እንግዳ መጥቶ ዋንጫ ወስዶ የሚሄድ ክለብ አልነበረም፤ የአገሪቱን አጨዋወት የቀየረ ክለብ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካርል ራፓን የሚባል ኦስትሪያዊ መጣ፤ ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበር። ስዊሶቹ በጉልበትም በችሎታም ከትልልቆቹ አገሮች እንደሚያንሱ አይቶ አንድ ተከላካይ ከሌሎቹ ኋላ አስቀመጠ። ያለፈውን ኳስ የሚያጸዳው እሱ ነው። በሩን በመቀርቀሪያ እንደመዝጋት ያለ ነገር ነው፣ ‹ቬሩ› (በፈረንሳይኛ መቀርቀሪያ) የሚለው የዘዴው ስምም ከዚያው የመጣ ነው። በ1933 እና በ1934 ሰርቬትን ሻምፒዮን አደረገ። ከዚያ ዘዴውን ይዞ ብሔራዊ ቡድኑ ገባ፤ በ1938 የዓለም ዋንጫ ፓሪስ ላይ በድጋሚ ጨዋታ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸንፎ አሰናበተ። ጣሊያኖች በኋላ ካቴናቺዮ ብለው የታወቁበት አጨዋወት አንዱ ሥሩ እዚህ ነው። ጣሊያን ፈጠረው የሚል ሰው ካገኙ ጄኔቭን ይጥቀሱለት።

ሻርሚ የሚባለው የድሮ ስታዲየማቸው የተመረቀው በ1930 ነው። ለምረቃው ከአውሮፓ አገሮች ክለቦችን ጠርተው ትልቅ ውድድር አዘጋጁ። የዛሬው ቻምፒየንስ ሊግ ከመታሰቡ 25 ዓመት በፊት ማለት ነው። ዋንጫውን የሃንጋሪው ኡይፔሽት ወሰደ። እዚያው ሜዳ ላይ መስከረም 8 ቀን 1955 ሌላ ነገር ሆነ። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ሲጀመር ሪያል ማድሪድ በዚያ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከሰርቬት ጋር፣ ጄኔቭ ላይ ነው። ማድሪድ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ሚጌል ሙኞዝ ነው። በመልሱ 5 ለ 0 ተሸነፉ፣ እሱን ብዙም አያነሱትም። የሚገርመው የዚያ ሰሞን የስዊዘርላንድ ሻምፒዮን ላ ሾ ደ ፎን ነበር፤ በመጀመሪያው ውድድር የተሳተፉት ክለቦች ሁሉ ሻምፒዮን መሆን አልነበረባቸውም።

የ1978-79ኙ ቡድን ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሃንጋሪያዊው ፒተር ፓዝማንዲ ያሠለጠነው ያ ቡድን ሊጉን፣ የስዊዘርላንድ ዋንጫን፣ የሊግ ዋንጫን እና የአልፕስ ዋንጫን በአንድ ዓመት ጠራርጎ ወሰደ። ጄኔቭ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ደጋፊዎችን ካገኙ የዚያ ቡድን ተጫዋች የነበረው ባርቤሪስ ሲባል ፊታቸው ሲበራ ያያሉ። ከዚያ ካርል ሃይንዝ ሩመኒገ በ1987 ከኢንተር መጥቶ ሁለት ዓመት ተጫወተ፣ በ1989 የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ጫማውን ሰቀለ። ሶኒ አንደርሰንም ወደ ፈረንሳይ ከመሻገሩ በፊት እዚህ አልፏል።

እንግዲህ እስከ 2005 ድረስ ይህ ክለብ ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ወርዶ አያውቅም ነበር። አንድም ቀን! ግራስሆፐር ከሰርቬት የበለጠ ሻምፒዮንነት አለው፣ እሱ እንኳን ወርዶ ያውቃል።

ታዲያ እንዴት? ብዙ ሰው መልሱን በአንድ ሰው ላይ ይጥለዋል። በ2004 ክለቡን የያዘው ማርክ ሮዠር የሚባል ፈረንሳዊ የተጫዋቾች ወኪል ነው። የ1998 የዓለም ዋንጫ ባለድል ክሪስቲያን ካረምቡን አስፈርሞ ነበር፤ ያ ስም ጄኔቭ ውስጥ ሲሰማ ጥሩ ጊዜ የመጣ መስሎ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላው ካዝናው ባዶ ሆነ። ሮዠር ተጠያቂ አይደለም አልልም፤ ግን ክለቡ ከእሱ በፊትም በሌላ ሰው ኪስ ነበር የሚኖረው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋናው ገንዘብ ይመጣ የነበረው ካናል ፕሉስ ከሚባለው የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ነው። የ1999 ዋንጫ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። በ2001 በሉሲየን ፋቭር የስዊዘርላንድ ዋንጫን ወሰዱ፣ በዚያው ዓመት መጸው በዩኤፋ ካፕ ሪያል ዛራጎዛን አሰናበቱ፣ ቀጥለው በርሊን ሄደው ሄርታን በሜዳው 3 ለ 0 ቀጡት፤ ቫሌንሲያ ነው ያስቆማቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ክለቡ የሚያብብ ይመስል ነበር። ቴሌቪዥኑ ገንዘቡን ሰብስቦ ሲወጣ ግን የደመወዝ ዝርዝሩ እዚያው ቀረ። ፊሊፕ ሴንዴሮስን የመሰለ ልጅ በ2003 ወደ አርሰናል ሄደ፤ ኮትኩተህ የምታሳድገውን ሰው በ18 ዓመቱ ማጣት ማለት ነው።

በዚያው 2003 አዲሱ ስታዲየም ተከፈተ፣ ላ ፕራይ ያለው፣ ልጅዎ የሚሄድበት። 30,000 ሰው ገደማ ይይዛል። በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታዎች ተካሂደውበታል። ለሰርቬት ግን በጣም ሰፊ ነው። በሱፐር ሊግ የተለመደ ቅዳሜ ወንበሩ አብዛኛው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ባዶ ወንበር ደግሞ ጥበቃም፣ መብራትም፣ ጽዳትም ይፈልጋል። ሻርሚ አሮጌና ጠባብ ነበር፣ ግን ጥቂት ሺህ ሰው ሲገባበት ይሞቅ ነበር።

«ሀብታም ከተማ» የሚለውንም እዚሁ ላንሳው። ሀብታም ከተማ ማለት ሀብታም ክለብ ማለት አይደለም። ጄኔቭ ውስጥ ከሚኖረው ሰው ብዙው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ፖርቹጋላዊው ቤንፊካን፣ ስፔናዊው ማድሪድን፣ የእኛ ሰው አርሰናልን ወይም ማንቼን ይዞ ነው የመጣው። የዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ ሠራተኞች ጥቂት ዓመት ሠርተው ይዛወራሉ። የስዊዘርላንድ የቴሌቪዥን ገንዘብ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን ጋር አይወዳደርም፤ አንድ ክለብ እውነተኛ ገንዘብ የሚያየው በአውሮፓ ውድድር ሲዘልቅ ወይም ተጫዋች ሲሸጥ ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ጉድለት የሚሞላ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ያ ሰው ሲሰለቸው፣ ሲከስር ወይም መጀመሪያውኑ ገንዘቡ የሌለው ሆኖ ሲገኝ አክሲዮን ማኅበሩ ይዘጋል። ሎዛን በ2003 ከሰረ፣ ሉጋኖም በዚያው ዓመት። ኒውሻቴል ዛማክስ በ2012 በውድድር መሃል ተዘጋ። ሁሉም ተመልሰዋል፣ ሁሉም የድሮ ታሪካቸውን ይዘው። ሎዛን አዲስ ክለብ ነው የሚል ሰው ግን አይሰሙም።

አሁን ወደ «ሦስት ጊዜ ወረደ» ልመለስ፤ ባልደረባዎ የባሰ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። የ2005ቱን አየን፤ ነጥብ አይደለም ያወረደው። ክለቡ በ2006 ወደ ሁለተኛው እርከን ወጣ፣ እዚያ ዓመታት ቆየ፣ በ2011 ቤሊንዞናን በደርሶ መልስ አሸንፎ ሱፐር ሊግ ተመለሰ። የመጀመሪያውን 1 ለ 0 ተሸንፈው ነበር፣ በሜዳቸው 3 ለ 1 ገለበጡት። ያን ማታ ባዶ ወንበር የሚባል ወሬ አልነበረም።

ደስታው ዓመት አልሞላም። ከ2008 ጀምሮ ባለቤት የነበረው ኢራናዊው ነጋዴ ማጂድ ፒሽያር በመጋቢት 2012 ኪሳራ ለማወጅ ሄደ። ሂዩ ኬኔክ የሚባል ካናዳዊ፣ የከተማው የበረዶ ሆኪ ክለብ ፕሬዚዳንት፣ ደርሶ አዳነው። ቡድኑ ግን ያኔ ጎበዝ ነበር፤ ደመወዝ እየዘገየበት ሊጉን አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ለዩሮፓ ሊግ ማጣሪያም አለፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013፣ መጨረሻ ወጥቶ ወረደ። ከከፍተኛው ዲቪዚዮን በኳስ የወረደበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ሦስተኛው 2015 ነው፤ በሁለተኛው እርከን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ሳለ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ ፈቃድ አጥቶ ወደ ሦስተኛው ተወረወረ። አስቡት፣ ለመውጣት አንድ ደረጃ ቀርቶህ ወደታች ስትላክ።

ፈቃድ ያልኩትን ላብራራ። በስዊዘርላንድ አንድ ክለብ ለመጪው ውድድር ለሊጉ ሰነድ ያቀርባል፦ ዕዳዬ ይሄ ነው፣ ደመወዝ ከፍያለሁ፣ ለመጪው ዓመት ገንዘቤ ከዚህ ይመጣል። ካላሳመነ አይጫወትም፤ ሠንጠረዡ ላይ ስንተኛ ሆንክ የሚባል ጥያቄ የለም። ጨካኝ ይመስላል። እኔ ግን እደግፈዋለሁ፤ የተጫዋች ደመወዝ ሳይከፈል ወራት እየተቆጠሩ ውድድር የሚቀጥልበትን ሊግ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምደግፈው ይገባዋል። ጉድለቱ ዘግይቶ መንቃቱ ነው፤ ባለቤቱ ወረቀት ካሳመረ ቁጥጥሩ ችግሩን የሚያየው ደመወዝ ሲቆም ነው።

ከ2015 ወዲህ ያለው ሰርቬት የተለየ ነው። ዲዲዬ ፊሸር የሚባል የጄኔቭ ሰው ክለቡን ያዘ፣ ከጀርባ ፋውንዴሽን 1890 የሚባል ተቋም ቆመ፤ ዋናው ደጋፊ ደግሞ የሮሌክስ መሥራች ያቋቋመው የሃንስ ዊልስዶርፍ ፋውንዴሽን ነው። ልዩነቱ ምን መሰለዎት? አትርፌ እሸጠዋለሁ ብሎ የመጣ ሰው የለም፤ ተቋሙ ያለው እዚያው ከተማ ነው። ውጤቱም ይታያል። በ2016 ከሦስተኛው ወጡ፣ በ2019 በአላን ጋይገር ሱፐር ሊግ ገቡ። በ2023 ሁለተኛ ሆኑ፣ በዚያው መጸው ሮማን በሜዳቸው 1 ለ 1 ያዙት፣ ኮንፈረንስ ሊግ ላይ እስከ 16ቱ ደርሰው በፍፁም ቅጣት ምት ወጡ። በ2024 ሉጋኖን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፈው የስዊዘርላንድን ዋንጫ ወሰዱ፤ ከ2001 ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው። በ2025 ከባዝል ቀጥለው እንደገና ሁለተኛ።

ጥንቃቄም አለኝ። አንድ ትልቅ ኪስ ከሦስት ትናንሽ ኪሶች ይሻላል፣ ግን ያው አንድ ኪስ ነው። ፋውንዴሽኑ ነገ ፖሊሲ ቢቀይር ሰርቬት በገቢው ብቻ ይህን ቡድን አያቆምም። ስለዚህ «አይዘጋም» ብዬ አልፈርምልዎትም። ካናል ፕሉስ የወጣው ቡድኑ እያሸነፈ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዋንጫ ማንሳት የጤንነት ምልክት እንዳይመስልዎት። ሌላው፣ የሆኪውን ክለብ ከእግር ኳሱ ጋር አያምታቱ። ጄኔቭ-ሰርቬት የሚባለው የሆኪ ቡድን በ2023 የስዊዘርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሰው ያንን ይዞ «18ኛው» ሲል ሰምቻለሁ። አይቆጠርም። እግር ኳሱ 17 ላይ ነው ያለው፤ ያንግ ቦይስም በ2024 እዚያው 17 ላይ ደርሶበታል።

የሚያደርጉትን ግልጽ ላድርግልዎት። የዓመት ትኬቱን ይግዙለት። ለአንድ ውድድር ዓመት ብቻ ይግዙ፣ ከክለቡ በቀጥታ፤ ለብዙ ዓመት ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ቅናሽ ቢመጣ ይለፉት፣ በየትኛውም የስዊዘርላንድ ክለብ። አክሲዮን ማኅበር ሲከስር ትኬት የገዛ ደጋፊ ገንዘቡን ለማስመለስ ከሠራተኞቹና ዋስትና ከያዙት አበዳሪዎች ኋላ ነው የሚሰለፈው። በየዓመቱ ከማደስዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩ፦ ፈቃዱ በመጀመሪያው ውሳኔ ተሰጥቶ እንደሆነ፣ እና ፋውንዴሽኑ አሁንም ከጀርባ እንዳለ። ሁለቱም በየጸደዩ በከተማው ጋዜጦች ይወጣሉ። ሁለቱ ካሉ ያድሱ፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ትኬቱን ጨዋታ በጨዋታ ይግዙ። ለባልደረባዎ ደግሞ ልጁ «በኳስ የወረድነው አንዴ ነው፣ 2013» ይበለው።